የሰሜን ኮከብን እንጦጦ ጋርዶብኛል፤ ቴሌስኮፔን በምን ላስተካክል?

ማክዳ (ሽሮ ሜዳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ከዱባይ ባለ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ አመጣልኝ። የትኩረት ርዝመቱ 650 ነው። ማቆሚያው ኢኳቶሪያል (ዘንጉ ወደ ሰሜን ሲያነጣጥር ኮከብን ተከትሎ የሚዞር)፣ ባለ አንድ ሞተር። ያገለገለ ካነን ካሜራም አለኝ። የኦሪዮንን ኔቡላ (በኦሪዮን ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለውን የጋዝና የአቧራ ደመና) ማንሳት ነው ሐሳቤ። ግን ካሜራውን ስገጥምበት ኮከቡ ጭጋግ ይሆናል። ባርሎ ሌንስ (ምስል የሚያጎላ ተጨማሪ ሌንስ) ሲገባበት ይጠራል፤ ያኔ ደግሞ 30 ሰከንድ ሳነሳ ኮከቦቹ የሩዝ ፍሬ ይመስላሉ። መመሪያው «ዘንጉን በሰሜን ኮከብ ላይ አነጣጥሩ» ይላል። የት አግኝቼ! በሰሜን በኩል የሚታየኝ ተራራና ባሕር ዛፍ ብቻ ነው።

ዳዊት (ቤርሳቤህ)፦ ዘንጉ ውስጥ ባለው ትንሽ መነጽር እያየሽ ኮከቡን መሃል ማስገባት ነው። እኔ 5 ደቂቃ አይፈጅብኝም።

ጋሽ ቱንቢ፦ ዳዊት ልጄ፣ አንተ ጋ 31 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል። አዲስ አበባ ላይ 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ክንድህን ዘርግተህ ብትጨብጥ ቡጢህ ይሸፍነዋል። እንጦጦ ስር ላለ ሰው ኮከቡ የለም ማለት ነው።

ማክዳ፣ ሰሜንን በቀን ፈልጊው። ኮምፓስ አትመኚ፤ የቆርቆሮ አጥርና የማቆሚያው ብረት ያሳስቱታል። ቱንቢ አንጠልጥዪ። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ መሃል ላይ የምትደርሰው ከቀኑ 6፡25 አካባቢ ነው፤ ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም። በዚያች ደቂቃ የገመዱ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በጠመኔ አስምሪበት። ማታ ዘንጉን በመስመሩ ልክ አዙሪና ከፍታውን 9 ላይ እሰሪው። አንዳንድ ማቆሚያ ከ15 ዲግሪ በታች አይወርድም። ያንቺም እንቢ ካለ አንዱን እግር ወደ ደቡብ አድርጊና አስረዝሚው። መሃሉ ላይ የአሸዋ ከረጢት ይንጠልጠልበት፤ አለበለዚያ ወደ ፊት ይደፋብሻል።

ይኼ ግምት ነው፤ የሚያጠራው ኮከቡ ራሱ ነው። ከአናትሽ ትንሽ ወደ ደቡብ ያለ ደማቅ ኮከብ ያዢና ሞተሩ እየሠራ 5 ደቂቃ ጠብቂ። ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ ዞሯል፤ ወደ ሰሜን ከሸሸ ወደ ምዕራብ። ቀጥሎ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ በምሥራቅ ያለውን የኦሪዮን መቀነት (በአንድ መስመር ያሉትን ሦስት ኮከቦች) ያዢ። ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፤ ወደ ሰሜን ከሆነ ከፍ ብሏል።

ማክዳ፦ ጋሼ፣ ምስሉ ተገልብጦ እየታየኝ ደቡቡን በምን አውቃለሁ?

ጋሽ ቱንቢ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ቱቦውን ወደ ሰሜን በትንሹ ገፋ አድርጊው። ኮከቡ የሄደበት ደቡብ ነው።

ሌሊት ወፍ፦ ባርሎውን ተዪው እቴ። 650ውን 1300 ያደርግብሻል፤ የሞተሩ ስህተትም እጥፍ ሆኖ ይታያል። ጭጋጉ የመጣው የካነን ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ) ከሌንስ መግጠሚያው ቀለበት 44 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ቴሌስኮፑ ምስሉን የሚሠራው ከዚያ ቀድሞ ነው። እኔ ዋናውን መስታወት በረጃጅም ብሎን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ አስጠጋሁትና ተገላገልኩ። ከዚያ በኋላ መስታወቶቹን እንደገና ማስተካከል ግድ ነው።

ብሎኑ እስኪገኝ ካሜራውን ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ቱቦው ላይ እሰሪው። ያለ ሞተር 50 ሌንስ ከ6 ሰከንድ በላይ አይችልም፤ በሞተር ግን 30ም ያወጣል። መቶ ምናምን ፎቶ አንሺና ሲሪል በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ደራርቢው። ነፃ ነው።

ማክዳ (ከሳምንት በኋላ)፦ ጠመኔው ሠራ! እናቴ «ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ ጀመርሽ?» አለችኝ። በ50 ሌንስ 120 ፎቶ ደራርቤ ኔቡላዋ ሮዝ ነጥብ ሆና ወጣች። ኮከቦቹም ክብ ናቸው። ብሎኑን መርካቶ እፈልጋለሁ። አሁን ያስቸገረኝ የጎረቤታችን የበረንዳ አምፖል ነው።

ሌሊት ወፍ፦ ለእሱ ማጣሪያ አትግዢ። ቡና ጥሪያቸውና ጨረቃን በቴሌስኮፑ አሳዪያቸው። የእኔዎቹ አሁን ራሳቸው ያጠፉልኛል።