ክርክር፦ መካነ ኢየሱስ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን መለየቷ ልክ ነበር?

አስጀማሪው፦ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ኤቫ ብሩኔ በ1978 ቅስና የተቀበሉ ስዊድናዊት ናቸው። በ2009 የስቶክሆልም ጳጳስ ሆነው ተመረጡ፤ 413 ለ365 በሆነ ድምፅ። ሌዝቢያን መሆናቸውን አልደበቁም። የትዳር አጋራቸው ሴት ናቸው፣ እሳቸውም ቄስ። ልጅ አላቸው። በዚያው ዓመት የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ፈቀደ። በ2013 መጀመሪያ የኛዋ መካነ ኢየሱስ፣ እሷም ሉተራን ናት፣ በዚሁ ጉዳይ ከስዊድንም፣ ከአሜሪካዋ ሉተራን ቤተ ክርስቲያንም ጋር ኅብረቷን አቋረጠች። ቁርባን አብሮ መቁረብም ቀረ። ልክ ነበረች? የሚሳደብ ይሰረዛል።

የነቀምቴው፦ ልክ ናት! መጽሐፉ ግልጽ ነው። ሴትዮዋን አልጠላም። ግን ጳጳስ እረኛ ነው፤ ኑሮውና ትምህርቱ መግጠም አለበት። ደግሞ እነዚህ እኮ ስንት ዘመን የረዱን ናቸው። የረዳህን ሰው ፊት ለፊት "አይሆንም" ማለት ቀላል መሰላችሁ?

ከስቶክሆልም፦ ወንድሜ፣ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ጓዳዋ ነው። ከ1978 እስከ 2009 ቁጠሩት፣ 31 ዓመት ነው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ቀብራለች፣ አጥምቃለች፣ ሰብካለች። ጳጳስነቱ ከሰማይ አልወረደላትም።

የነቀምቴው፦ ማገልገሏን ማን ካደ? የዓመት ብዛት ኃጢአትን ጽድቅ አያደርግም።

የቄስ ልጅ፦ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ስዊድኖች በ1958 ሴት ቄስ ትሁን ብለው ሲወስኑም "መጽሐፉ ግልጽ ነው" ያለ ሞልቶ ነበር። ጥቅስም ተመዝዟል። ዛሬ መካነ ኢየሱስ ራሷ ሴት ቄሶች አሏት። ታዲያ የቱ ግልጽ እንደሆነ በምን እንለየው?

የነቀምቴው፦ እህቴ፣ አታምታቺ። ሴትነት ተፈጥሮ ነው፤ ይሄ ሌላ ነው።

የቄስ ልጅ፦ እነሱም ተፈጥሯችን ነው የሚሉት እኮ።

የነቀምቴው፦ ማለትማ ማንም ይላል።

አስጀማሪው፦ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ቄስ "እኔ አላጋባም" ማለት ይችላል፣ አይገደድም። በ1866 ምፅዋ የደረሰው፣ ለመካነ ኢየሱስ መነሻ ከሆኑት አንዱ የሆነው የስዊድን ሚስዮንም ዛሬ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ "ስዊድኖች" ብሎ አንድ ላይ መጠቅለሉ አይመቸኝም። ይልቅ ከውስጣቸው እንደኛ የሚያስቡትን ብቻቸውን ጥለናቸው አልወጣንም?

የነቀምቴው፦ ይሄ እንኳ ያስኬዳል። ግን ውሳኔ ውሳኔ ነው፤ ብሩኔም በ2019 ጡረታ ወጥታለች።

ከስቶክሆልም፦ ውሳኔውን እኛ እዚህ ስንኖረው ልንገርህ። የራሳችን ጸሎት ቤት የለንም። እሁድ ከሰዓት የምንሰበሰበው የነሱ ደብር በሰጠን አዳራሽ ነው። ቁርባኑን አንካፈልም፣ ማሞቂያውን ግን እንካፈላለን።

የነቀምቴው፦ ታዲያ ኪራይ ክፈሉ!

ከስቶክሆልም፦ ብለናቸዋል። አንቀበልም አሉ።