በእንግሊዝኛ ሰዋስው ስሕተት ተማሪ ይታረም ወይስ ይታለፍ?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ተማሪ በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ሲናገር ስሕተቱ በየቃሉ ሊታረም ይገባል ወይስ ሐሳቡ እስከተሰማ ድረስ ሊታለፍ?

ከደብረ ብርሃን፦ እንደ መምህርነቴ ሊታረም ይገባል ባይ ነኝ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም «ሐሳብህ ገብቶኛል» ብሎ ነጥብ አይሰጥም።

ከመሐል ሜዳ፦ መምህር፣ ስለ ፈተናው ያሉት እውነት ነው፤ እኔም በዚሁ ሙያ ላይ ነኝ። ይሁን እንጂ ማረም ሌላ፣ ማሳፈር ሌላ ነው። አንድ ተማሪዬ መልሱ ሲጠፋው ተነሥቶ «አይ ዶንት ኖው ነቲንግ» ቢል ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት፤ እኔም ሳቁን አላስቆምኩም። ልጁ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን አላወጣም። ያደረገው ነገር ቢኖር «ምንም አላውቅም» የሚለውን የእናቱን ቋንቋ ሥርዓት ይዞ መሻገሩ ነው። ደግሞም ይህ ሁለት አሉታ («ዶንት» እና «ነቲንግ») የደረበ አነጋገር ለእንግሊዝኛ ባዕድ አልነበረም፤ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ቾሰር አሉታን በአሉታ ላይ እየደረበ ይጽፍ ነበር፤ «ሁለት አሉታ ተጣፍተው አዎንታ ይሆናሉ» የሚለውን ደንብ ያጸኑት እንደ ሮበርት ሎውዝ ያሉ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሰዋስው ጸሐፊዎች ናቸው።

ከደብረ ሲና፦ ታዲያ በቾሰር ዘመን የተባለ ሁሉ ዛሬም ይባል ነው? በተለይ የብዙ የሆነው «ዘይ» («እነሱ») ለአንድ ሰው መነገሩ ፈጽሞ አይዋጥልኝም።

ከመሐል ሜዳ፦ አላልኩም፤ ልጁ በፈተና ወረቀት ላይ ቢጽፈው አርመዋለሁ፣ ምክንያቱንም እነግረዋለሁ። ስለ «ዘይ» ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ «አባ መጡ» ስንል ለአንድ ካህን የብዙ ግሥ መናገራችን አይደለምን? «ዩ» ራሱ ቀድሞ የብዙ ነበር፤ እንደ እኛ «እርስዎ» የአንድ ሰው ማክበሪያ ሆነ፣ ኋላም የነጠላውን «ዛው» ከዕለት ንግግር አስወጥቶ ቦታውን ያዘ። «ዘይ»ም ለአንድ ሰው መነገር ከጀመረ ከ600 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከደብረ ብርሃን፦ በጽሑፍ ረገድ ከአቋሜ አልወርድም። ተማሪውን በንግግሩ መካከል የማቋረጥ ልማዴ ግን ልክ እንዳልሆነ ይሰማኛል። ታዲያ እርስዎ በክፍል ውስጥ እንዴት ያርማሉ?

ከመሐል ሜዳ፦ ተናግሮ እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ፤ ከዚያም እሱ ያለውን በተስተካከለው መልክ ደግሜ እያነሣሁ መልሴን እቀጥላለሁ። የሳቀ ተማሪ ካለ ግን ትምህርቱን አቆማለሁ።