የፒኬኤግዘክ ክፍተት፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ሰላም ጓዶች። አባላት በሚያስተዳድሯቸው የሊኑክስ ማሽኖች ላይ ያልተደፈነ ፒኬኤግዘክ አሁንም አለ፤ ፕሮግራምን በሩት፣ ማለትም በማሽኑ ሙሉ አስተዳዳሪ፣ ሥልጣን ለማስነሳት የሚያገለግለው መሣሪያ (pkexec) ነው። በደህንነት ክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2021-4034 የተባለውን ክፍተት ማለቴ ነው። አሮጌ ነው ብላችሁ አትለፉት። የኔ መነሻ ይሄ ነው፦ «ሁሉም አባል ፖልኪትን (ፒኬኤግዘክ የሚመጣበትን ጥቅል) በአንድ ሳምንት ውስጥ አፕዴት ያድርግ።» ተቹልኝ።

የሰርቨር ሰው፦ አፕዴት ብቻ አይበቃም፣ እህቴ። ባለፈው አንድ ማሽን ከፍቼ ነበር። ድጋፉ ያለቀበት ቨርዥን ነው። አፕዴት ስትይው «አዲስ ነገር የለም» ይላል። ባለቤቱም ይህንኑ አይቶ ተኝቷል።

ጀማሪ አባል፦ ይቅርታ፣ ክፍተቱ በትክክል ምንድን ነው? «ሩት ያደርጋል» ሲባል ብቻ ነው የምሰማው።

የኮድ ሰው፦ ፕሮግራም ሲነሳ የቃላት ዝርዝር ይሰጠዋል። ዜሮኛው ቦታ ላይ የራሱ ስም ይቀመጣል። ፒኬኤግዘክ ስሙ አይቀርም ብሎ ከ1 ጀምሮ ያነባል። አጥቂው ዝርዝሩን ባዶ አድርጎ ካስነሳው ጫፉን አልፎ ጎረቤቱን ያነባል። እዚያ ያሉት ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚወርሳቸው ቅንብሮች፣ ናቸው። ይባስ ብሎ፣ ያነበበውን ስም ሙሉ አድራሻ ፈልጎ እዚያው ላይ ይጽፍበታል። ሲስተሙ በሩት ሥልጣን ለሚነሳ ፕሮግራም አደገኛ ቫሪያብሎችን በር ላይ ያራግፍለታል። ይሄኛው ግን ከገባ በኋላ በገዛ እጁ መልሶ ያስገባቸዋል፤ በነሱ በኩል የአጥቂው ኮድ በሩት ሥልጣን ይሠራል። ስህተቱ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እዚያው ነበር፤ የደህንነት ኩባንያው ኳሊስ ይፋ ያደረገው በጃንዋሪ 2022 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ከምናምን!

ሌላ አባል፦ እኛ ጋ የፖልኪት ዴመን (ከበስተጀርባ የሚሠራው አገልግሎት) ጠፍቷል። አይመለከተንም አይደል?

የኮድ ሰው፦ ይመለከታችኋል። ፋይሉ ካለና የሴትዩአይዲ ቢቱ (ማንም ቢያስነሳው በባለቤቱ፣ እዚህ በሩት፣ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርገው ምልክት) ካለበት ዴመኑ ባይሠራም ያው ነው።

የሰርቨር ሰው፦ እንግዲህ ረቂቁ ከዚህ ይጀምር። ፒኬኤግዘክ የማያስፈልገው ሰርቨር ላይ ዛሬውኑ በፋይል ፈቃድ መቀየሪያው ትዕዛዝ ቻሞድ 0755 ይደረግ። ቢቱ ይጠፋል፣ አለቀ። ብቻ ጥቅሉ እንደገና ከተጫነ ቢቱ ተመልሶ ስለሚመጣ፣ ከእያንዳንዱ ጭነት በኋላ ይታይ።

የዴስክቶፕ ድጋፍ፦ እኔ ጋ ይሄ አይሆንም። የይለፍ ቃል የሚጠይቁ የግራፊክ መሣሪያዎች ቀጥ ይላሉ፣ ስልኬም እረፍት አያገኝም። ዴስክቶፕ ላይ አፕዴት ይቅደም።

አስተባባሪ፦ ተቀብያለሁ። ለሁለት እከፍለዋለሁ። መደፈኑንስ በምን እናረጋግጥ? በቨርዥን ቁጥር?

የሰርቨር ሰው፦ ቁጥሩ ያሳስታል። አንዳንድ ዲስትሪቢውሽን (የሊኑክስ ዓይነት) የፖልኪት 0.105ን እንደያዘ ነው የደፈነው። የጥቅሉ ሙሉ ቁጥር፣ እስከ ጭራው፣ ከዲስትሪቢውሽኑ የደህንነት ማስታወቂያ ጋር ይመሳከር። «አዘምኛለሁ» የሚል መልስ አንቀበል።

ጀማሪ አባል፦ ከዚህ በፊት ተጠቅተን እንደሆነስ? ሎግ (የክስተት መዝገብ) ላይ ይታያል?

የኮድ ሰው፦ ጥቃቱ አንዳንዴ ስለ ሼል (ትዕዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) ቫሪያብል የስህተት መልእክት ይተዋል። ግን ምንም ሳይተው መግባትም ይቻላል። ሎጉ ንጹህ ነው ብሎ መዝጋት የለም። ይሄን በደማቁ ጻፉት።

አስተባባሪ፦ እሺ። ድጋፍ ያለቀባቸው ማሽኖች ለብቻቸው ይመዘገባሉ፤ ቢቱ ይጠፋላቸውና መተኪያ ቀን ይቆረጥላቸዋል። ሁለተኛውን ረቂቅ ማታ እለጥፋለሁ። የዴስክቶፑን ክፍል አንተ ጻፍልኝ፣ ስልክህ ከተወህ።