የሃይሉክስ ፍሪሲዮን አየር አልወጣ አለኝ፤ የታችኛውን ፓምፕ ጎሚኒ ከቀየርኩ ወዲህ ፔዳሉ ወለል ይነካል

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተሠራች፣ በናፍጣ የምትሠራና ማርሿ በእጅ የሚቀየር ቶዮታ ሃይሉክስ አለችኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ (ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ ጎን ያለው) ዘይት ማንጠብጠብ ስለ ጀመረ ፓምፑን ፈትቼ፣ ውስጡን በናፍጣ አጥቤና በጨርቅ አድርቄ አዲስ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደውን ላስቲክ) አስገባሁለት። ከዚያ ወዲህ ፔዳሉ እንደ ድሮው አልሆነልኝም። መጀመሪያ ስረግጠው ምንም ሳይከብደኝ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሜ ስረግጠው ግን ከፍ ይልና ማርሹ ይገባል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ ስመለስ እንደገና ይሰምጣል። በተለይ የኋላ ማርሽ ሳስገባ ጥርሶቹ ሲፋጩ ይሰማኛል።

አየር እንደ ገባ ስለ ተረዳሁ ልጄን ፔዳሉን እያስረገጥኩ በአየር ማስወጫው ብሎን በኩል ግማሽ ሊትር የሚጠጋ የፍሬን ዘይት አሳለፍኩ። በመጨረሻ የሚወጣው ዘይት አረፋ የለውም፤ ፔዳሉ ግን ያው ነው። ይህን በሁለት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ደገምኩት። የምሳሳተው የት ላይ እንደ ሆነ ብትጠቁሙኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ (ከአዳማ፣ በጋራዥ ሥራ ላይ ያለ)

ወንድሜ፣ የገለጹት ምልክት የአየር ምልክት ነው። ዘይት ሲጨመቅ መጠኑ አይቀንስም፤ አየር ግን ስለሚጨመቅ የፔዳሉ ጉልበት የፍሪሲዮኑን ሹካ ከመግፋት ይልቅ አየሩን በማጥበብ ያልቃል። ደጋግመው ሲረግጡ የሚከብደው ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው የላይኛው ፓምፕ በእያንዳንዱ ርግጫ ተጨማሪ ዘይት ስለሚልክ ነው።

በመጀመሪያ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ያረጋግጡ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ልጅዎ ፔዳሉን በቀስታ ይረግጥና እንደ ረገጠ ይያዝ፤ እርስዎ ብሎኑን ሩብ ዙር ያህል ይክፈቱት፤ ዘይቱ ወጥቶ ሲያበቃ ብሎኑን ይዝጉ፤ ፔዳሉ የሚለቀቀው ብሎኑ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው። ልጅዎ በግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ከለቀቀ ፓምፑ አየሩን መልሶ ይስበዋል። ስለዚህ «ረግጫለሁ»፣ «ዘግቻለሁ» እየተባባላችሁ ሥሩ። በብሎኑ ጫፍ ላይ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ይሰኩ፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ለዚህ ይበቃል። የቱቦው ሌላ ጫፍ ጥቂት የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጥለቅ። ከላይ ያለው የዘይት መያዣ ትንሽ ስለ ሆነ በየአምስት ርግጫው ይመልከቱት፤ አንድ ጊዜ ባዶ ከሆነ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉን በኃይል እስከ ወለሉ መርገጥ አይመከርም። የላይኛው ፓምፕ ጎሚኒ በዘወትር አጠቃቀም ወደማይደርስበት፣ ዝገትና ቆሻሻ ወደ ተጠራቀመበት የፓምፑ ክፍል ይገባና ሊቆረጥ ይችላል። እኔ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አስቀምጣለሁ።

መልስ (ከደሴ፣ የሃይሉክስ ሹፌር)

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው አራት ጊዜ ሠርተው አረፋ የሌለው ዘይት እያገኙ ፔዳሉ ካልተነሣ፣ አየሩ በመርገጥ የሚወጣ አይመስለኝም። የፍሪሲዮኑ ቱቦ ከላይኛው ፓምፕ ተነሥቶ እየታጠፈ ነው ወደ ታች የሚወርደው። አየር በባሕርይው ወደ ላይ ይወጣል፤ እኛ ደግሞ ወደ ታች እየገፋነው ነው። በአንድ ርግጫ የሚሄደው ዘይት ጥቂት ስለ ሆነ አረፋው ትንሽ ይወርድና ፔዳሉ ሲለቀቅ ተመልሶ ወደ መታጠፊያው ይወጣል። ታች የሚታየው ንጹሕ ዘይት አረፋውን አልፎ የመጣ ነው።

እኔም ከወልድያ ስመለስ ይኸው ችግር ገጥሞኝ ነበር፤ የተገላገልኩት አየሩን ወደሚፈልገው አቅጣጫ በመላክ ነው። የታችኛውን ፓምፕ ሁለት ብሎኖች ፈትተው ቱቦውን ሳያላቅቁ ፓምፑን ከቦታው ያውርዱት። የአየር ማስወጫው ብሎን ተዘግቶ ይቆይ፤ የላይኛው መያዣ ክዳን ግን ይከፈት። ከዚያም የፓምፑን ገፊ ዘንግ በአውራ ጣትዎ ቀስ አድርገው እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ይግፉት፣ ቀስ አድርገው ይመልሱት። አንድ ሰው መያዣውን እያየ ይቁም። መጀመሪያ ትልልቅ አረፋ ይፈነዳል፤ ቀጥሎ እንደ ሳሙና አረፋ የደቀቀ ይመጣል፤ በመጨረሻ ዘይቱ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። ከመጀመርዎ በፊት ከመያዣው ጥቂት ዘይት ይቅዱለት፤ አለበለዚያ ሞልቶ ይፈስና የኮፈኑን ሥር ቀለም ያነሣል። ፓምፑ ወርዶ ሳለ ማንም ሰው ፔዳሉን እንዳይነካ አደራ፤ ከነካው ፒስተኑ ተተኩሶ ይወጣል።

መልስ (ከሐዋሳ፣ የአውቶሞቲቭ መምህር)

የደሴው ወንድማችን የሰጡት ምክር መልካም ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ጠያቂው እግረ መንገዳቸውን የጠቀሱት ነገር ነው፤ የፓምፑን ውስጥ በናፍጣ አጥበዋል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ጎሚኒዎች ከፍሬን ዘይት ጋር እንዲስማሙ የተሠሩ ስለ ሆኑ ናፍጣ፣ ቤንዚንና የሞተር ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ይለሰልሳሉ፤ ቅርጻቸውንም ያጣሉ። በጨርቅ ቢደርቅም በፓምፑ ግድግዳና በአየር ማስወጫው ቀዳዳ ውስጥ ቅሪት ሊኖር ይችላል። የእነዚህ ክፍሎች ማጠቢያ ራሱ የፍሬን ዘይት ወይም አልኮል ነው። ስለዚህ ፓምፑ ከወረደ አይቀር ጎሚኒውን አውጥተው ይመልከቱት፤ ከአዲሱ ጋር ሲያስተያዩት ከንፈሩ ወፍሮ ወይም ሲጫኑት እንደ ማስቲካ ለስልሶ ካገኙት፣ ምንም ያህል አየር ቢያስወጡ ስለማይረዳዎት ይቀይሩት።

ሁለተኛው ፔዳሉ ራሱ ነው። የላይኛው ፓምፕ ገፊ ዘንግ ፒስተኑን ከመንካቱ በፊት ጥቂት ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ በፔዳሉ ጫፍ ሲለካ ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው። ዘንጉ ረዝሞ ፒስተኑን ሁልጊዜ የሚጫነው ከሆነ ፓምፑን ከመያዣው ጋር የምታገናኘው ትንሽ ቀዳዳ እንደ ተደፈነች ትቀራለች፤ ከታች የሚገፋው አረፋም መውጫ አያገኝም። ማስተካከያው በዘንጉ ላይ ያለው ዳዶ ነው።

ዘይቱን በተመለከተ መያዣው ክዳን ላይ የተጻፈውን ይከተሉ፤ ዶት 3 ከሆነ ዶት 3 ይጨምሩ። ዶት 4 ቢቀላቀል ጉዳት የለውም፤ ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 ግን ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ተከፍቶ የሰነበተ ጠርሙስም አይጠቀሙ፤ ዘይቱ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። በጠርሙሱ ውስጥ የተቀበሉትን አሮጌ ዘይትም መልሰው ወደ መያዣው አይጨምሩ።

ተጨማሪ ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

የእኔ መኪና የታችኛው ፓምፕ ከውጭ አይታይም። ፓምፑን አውርዶ ዘንጉን በጣት የመግፋቱ ዘዴ ይሠራልኛል?

መልስ (ከአዳማ)

አይሠራም። የእርስዎ ፓምፕ ከኩሽኔታው ጋር አንድ ላይ ሆኖ በካምቢዮው ውስጥ የተቀመጠ ዓይነት ይመስላል። አየር ማስወጫው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ስለሚሆን፣ በትልቅ ሲሪንጅ አዲስ ዘይት ከታች ወደ ላይ ቀስ እያሉ መግፋት ይችላሉ። መያዣው ከፍሬኑ ጋር የጋራ ከሆነ ዘይቱ ከዝቅተኛው ምልክት በታች እንዳይወርድ ይጠንቀቁ። ፓምፑ ራሱ የሚያፈስ ከሆነ ግን ካምቢዮው መውረዱ ስለማይቀር ለጋራዥ ይስጡት።

የጠያቂው ምላሽ (ከሦስት ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፓምፑን አውርጄ ጎሚኒውን ሳወጣ መምህሩ እንዳሉት ከንፈሩ ወፍሯል፤ በጥፍሬ ስጫነው የጥፍሬ ምልክት ቀረበት። አዲስ ገዝቼ ፓምፑን በፍሬን ዘይት ብቻ አጥቤ ገጠምኩ። ከዚያ እንደ ደሴው ወንድሜ ምክር ዘንጉን በጣቴ ስገፋ ልጄ ከላይ «እየፈላ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሃያ ጊዜ ያህል ከገፋሁ በኋላ አረፋው ጠፋ። በመጨረሻ በአዳማው አሠራር ስድስት ርግጫ ጨመርን። የዘንጉን ክፍተት ስለካ 3 ሚሊሜትር ስለ ሆነ አልነካሁትም። አሁን ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ይከብዳል፤ የኋላ ማርሽም ያለ ድምፅ ይገባል። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ እንደገና እንደማያፈስ በምን አረጋግጣለሁ?

መልስ (ከአዳማ)

እንኳን ተሳካልዎት። ዛሬ ማታ በመያዣው ላይ የዘይቱን ከፍታ በፕላስተር ቁራጭ ምልክት ያድርጉበት፤ ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳያስነሡ ይመልከቱት። ዘይቱ ከቀነሰ የታችኛውን ፓምፕ አቧራ መከላከያ ላስቲክ ገለጥ አድርገው ውስጡን በጣትዎ ይዳስሱ፤ ከዚያም ከፔዳሉ በላይ የላይኛው ፓምፕ ግድግዳው ላይ የታሰረበትን ቦታ ይዩ። ዘይቱ ሳይቀንስ ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ ቀስ በቀስ የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ የላይኛው ፓምፕ ጎሚኒ በውስጥ እያሳለፈ ነው ማለት ነውና ቀጥሎ የሚከፈተው እርሱ ነው። ከመኪናው ሥር ሲገቡ በክሪክ ብቻ አይተማመኑ፤ መኪናውን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉ፣ ጎማዎቹንም በድንጋይ ይደግፉ።