ጥቆማ፦ ለቤት ውስጥ ዘንባባ ችግኙን፣ አፈሩን፣ የተባይ መከላከያውንና አትክልተኛውን እንዴት እንምረጥ?

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በገላን በኩል ለምትኖሩ፣ ሳሎን ውስጥ ያለው ዘንባባችሁ ቅጠሉ እየገረጣ ወይም ጫፉ እየደረቀ ምን እንደምትገዙ ለምትጠይቁ ሁሉ ይህን ጥቆማ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ። አብዛኛው ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያወጣው ለመርዝ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገባው ውኃ የሚያሳልፍ አፈርና ቅጠሉን ገልብጦ የሚመረምር አትክልተኛ ናቸው።

ማንኛውንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ተባዩን ለዩ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት፣ ከግንባታና ካልተነጠፈ መንገድ የሚነሣው አቧራ ቅጠሉን ሲሸፍነው በፍጥነት የሚራባው ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ነው። መጠኑ ከነጥብ የማይበልጥ፣ ስምንት እግር ያለውና በዝምድናውም ከሸረሪት ወገን የሆነ ፍጥረት ሲሆን፣ ከቅጠሉ በስተጀርባ ተሸሽጎ ጭማቂውን ስለሚመጥ ቅጠሉ በጥቃቅን ቢጫ ነጠብጣቦች ይሞላል፤ ሲብስም ስስ ድር ያደራበታል። ነጭ ወረቀት ከሥር ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ ስታደርጉት የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ከወደቁ ጥርጣሬ አይኑራችሁ። ጥጥ የመሰለ ነገር በቅጠሉ መጋጠሚያ ላይ ካያችሁ፣ ወይም በጥፍር ሲፋቅ የሚነሣ ቡናማ ቅርፊት ግንዱ ላይ ከተጣበቀ ግን ሌሎች ተባዮች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያል።

ለቀይ ሸረሪት የምጠቁመው በመጀመሪያ ውኃ ነው። ተክሉን መታጠቢያ ቤት አስገብታችሁ የቅጠሉን ጀርባ በሻወር በደንብ እጠቡት። ቀጥሎ በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በረኪና ያልተቀላቀለበትን፣ በጥብጣችሁ በመጀመሪያ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና ጉዳት ካላሳየ ሌላውንም ርጩት። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ እንቁላሉን ስለማያጠፋ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ በድምሩ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው «ሳሙና አይሠራም» የሚለው በመጀመሪያው ርጭት ስለሚያቆም ነው። ጥጥ ለመሰለውና ለቅርፊታሙ ተባይ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል በጥጥ ተነክሮ ቢጠረግባቸው ከሁሉም ይሻላል፤ ዋጋውም ቀላል ነው።

በመዋቢያ መሸጫዎች የሚገኘው የኒም ዘይትም ጥሩ ነው፤ ሆኖም ለፀጉር ተብሎ ከሽቶና ከሌላ ዘይት ጋር የተደባለቀውን ትታችሁ ንጹሑን ጠይቁ። 5 ሚሊ ሊትሩን ከጥቂት ሳሙና ጋር በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ መበጥበጥ ይበቃል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ስለሚረጋ በሚገባ አይዋሐድም።

በግብርና ግብዓት መሸጫዎች «ሁሉንም ይገድላል» ተብለው የሚቀርቡትን ማላታዮንና ዲያዚኖን የተባሉ የተባይ መርዞች ለሳሎን ፈጽሞ አልመክርም። ሕፃናት በሚውሉበት ቤት ውስጥ መርጨታቸው አደገኛ ከመሆኑም በላይ፣ ቀይ ሸረሪትን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ጨርሰው ተባዩ ራሱ የሚተርፍበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የበረሮ ፍሊትም ቅጠል ያቃጥላል። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ያለ ስምና ያለ መመሪያ የሚሸጥ መርዝ ደግሞ በነፃ ቢሰጣችሁ እንኳ ቤታችሁ አታስገቡት።

አትክልተኛን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አገልግሎት አለ፤ በወር እየመጣ የሚንከባከብና ችግኝ ሻጩ ራሱ ሲጠሩት የሚልከው። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የደረቀ ቅጠል ቆርጦ፣ ውኃ አጠጥቶ ይሄዳል። ማንንም ከመቅጠራችሁ በፊት «ይህን ተክል ከላይ ብንቆርጠው ቅርንጫፍ ያወጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የዘንባባ ግንድ የሚያድገው ጫፉ ላይ ካለችው አንዲት እምቡጥ ስለሆነ እርሷ ከተቆረጠች ያ ግንድ ይሞታል፤ «አዎ፣ ይበዛል» የሚል ሰው ዘንባባ አያውቅምና አመስግናችሁ አሰናብቱት። ጎበዙ ሰው የታችኛው ቅጠል ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ተክሉ ከሚያረጀው ቅጠል ፖታሲየሙን መልሶ ወደ አዲሱ ይወስዳልና።

አፈሩ ላይ ልበርታ። በእነዚህ ሰፈሮች የሚገኘው ጥቁር መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በቫዞ ውስጥ ሥሩን ያፍነዋል። በመንገድ ዳር በጆንያ የሚሸጠው «የተዘጋጀ አፈር» ብዙ ጊዜ ይኸው መረሬ ከጥቂት ፍግ ጋር ስለሆነ፣ ጆንያውን አስፈትታችሁ ጭብጥ አፈር አርጥባችሁ እሹት፤ እንደ ሊጥ ከተያያዘ ተዉት። ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ቀይ አፈርና አንድ እጅ ደቀቅ ያለ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ራሳችሁ ብታደባልቁ በዋጋም በጥራትም ይበልጣል፤ ሬድ አሹ ከግንባታ ዕቃ አቅራቢዎች ይገኛል። ለቫዞ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ ሸክላ ስለሚተነፍስ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል፤ ሥሩም አይበሰብስም፤ ከታች ቀዳዳ እንዲያበጁለት ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ችግኝ ስትመርጡ፣ በብዛት የሚገኘው አሪካ ፓልም ከማዳጋስካር የመጣ፣ ሙቀት የሚወድ ተክል መሆኑን አስቡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት አካባቢያችን በረንዳ ላይ ማሳደር ይጎዳዋል። መነሻው ሜክሲኮና ጓቴማላ የሆነው ትንሹ ፓርለር ፓልም አነስተኛ ብርሃንንና ቅዝቃዜን የበለጠ ይችላል፤ ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ከአሪካ አስበልጬ የምጠቁመው እርሱን ነው። በጥላ መረብ ሥር ካደገበት ግቢ መግዛት፣ መንገድ ዳር ፀሐይና አቧራ ሲፈራረቁበት ከቆየው ጥቂት ይወደድ እንጂ ያዋጣል። የትም ይገዛ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ከሌሎች ተክሎቻችሁ ለይታችሁ አቆዩት።

ለማዳበሪያ ዩሪያ የሚያቀርቡላችሁ አሉ። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ ዘንባባ አጥብቆ የሚፈልጋቸው ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሉበትም፤ በቫዞ ውስጥ ደግሞ ጥቂት ከበዛ ሥር ያቃጥላል። በትል የተዘጋጀውን ኮምፖስት በክረምት መግቢያና በመስከረም ጥቂት እፍኝ ከላይ ብትጨምሩለት ይስማማዋል።