የድሮ ሲኒማ ቤቶች፦ የመንገድ ፊታቸው ብቻ ይትረፍ ወይስ አዳራሹም?

መነሻ ጥያቄ፦ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ መፍረስ ከጀመሩ ወዲህ ስለ ድሮ ሲኒማ ቤቶች ሁለት ሐሳብ ይሰማል። አንዱ ወገን "የመንገድ ፊቱ ይቆይ፣ ከኋላው አዲስ ፎቅ ይነሣ" ይላል። ሌላው "አዳራሹ ከሄደ ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር አይኖርም" ይላል። የምታውቁ አስረዱን።

አርክ ፒያሳ፦ አዳራሹም ይቆይ ባይ ነኝ። የሲኒማ ቤት ፊት ሰው መጥሪያ ነው፤ ዋናው ሥራ ያለው ከውስጥ ነው። ምሰሶ የሌለው ሰፊ አዳራሽ፣ ወደ ሸራው የሚያዘቀዝቅ ወለል፣ ተመልካች የሚቀመጥበት የውስጥ ፎቅ፣ ከፎቁ ጀርባ ፊልም የሚታይበት ማሽን ክፍል። ይህን ጠርገን ፊቱን ብናስቀር የቀረው ቀለም የተቀባ አጥር ነው። ማሪዮ መሲና የነደፈው የአስመራው ሲኒማ ኢምፔሮ በ1937 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ዛሬም ቆሟል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. አስመራ በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከሚነሡት ሕንፃዎቿ አንዱ እሱ ነው። እኛስ ጋ ብሔራዊ ቴአትር አለ አይደል? ጣሊያኖች በወረራው ዘመን "ሲኒማ ማርኮኒ" ብለው የጀመሩት ነው በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆኖ የተመረቀው።

የመርካቶው፦ ወንድሜ አርክ፣ ብሔራዊን ማንሣትህ ጥሩ፤ ግን የሚያሳየው የክርክርህን ተቃራኒ ነው። ያ ሕንፃ እዚህ የደረሰው እንደነበረ ስለተቀመጠ አይደለም፤ ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜ አስፍቶ ሌላ ሕንፃ ስላደረገው ነው። የመርካቶውን ሲኒማ ራስም ተመልከት። ከሲኒማነት ወደ ቴአትርነት ዞረ፣ ኋላም አሮጌው ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠራ፤ ራስ ቴአትር ግን ከሰፈሩ አልወጣም። ለኔ መጠበቅ ያለበት አገልግሎቱ ነው። ቀን ሙሉ ተዘግቶ የሚውል፣ መስኮት የሌለው፣ መጸዳጃው ለ100 ሰው የማይበቃ አዳራሽ መሀል ከተማ ላይ ይዞ መቀመጥን ማን ይከፍልበታል?

ስትራክቸር፦ ከሁለታችሁም ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። "ፊቱን ብቻ እናስቀር" የሚለው ሐሳብ ርካሽ ይመስላል፤ አይደለም። የፊት ግድግዳው ለብቻው ቆሞ አያውቅም። የያዙት የፎቁ ወለል፣ የጣሪያው ብረትና የጎን ግድግዳዎቹ ናቸው። እነሱ ሲነሡ 10 ሜትር የሚደርስ ግድግዳ ለነፋስ ተጋልጦ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ከማፍረሱ በፊት ራሱን የቻለ መሠረት ያለው የብረት ድጋፍ በመንገዱ በኩል ይተከላል። ከዚያ የፎቁ ወለል ከግድግዳው ላይ እየተቆረጠ በየተራ ይለቀቃል፤ ስንጥቆቹ ላይ የጂፕሰም ምልክት ተለጥፎ በየቀኑ ይታያል፣ ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ሥራው ይቆማል። ብዙ ጊዜ ግድግዳውን የሚጥለው ደግሞ የምድር ቤት ቁፋሮ ነው። የድሮው የድንጋይ መሠረት ጥልቀት የለውም። ከጎኑ ለመኪና ማቆሚያ ሦስትና አራት ሜትር ሲወረድ ከሥሩ ያለው አፈር ይሸሻል። ከመሠረቱ ሥር አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ጉድጓዶች፣ አንዱን እየዘለሉ፣ ኮንክሪት እየሞሉ መሄድ ግድ ነው። ይህ ሁሉ በጀት ላይ ካልገባ "ይቆያል" የተባለው ፊት በመጀመሪያው ክረምት ይወርዳል።

ለአርክ ደግሞ፦ የሚያዘቀዝቀውን ወለል በአፈር ሞልተን እናስተካክል የሚሉ አሉና ተጠንቀቁ። 20 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ አዳራሽ በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር ቢወርድ ሙሌቱ 300 ሜትር ኩብ ነው፤ ከ500 ቶን በላይ ማለት ነው። ያ ክብደት የጎን ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ ይገፋል። ከነባሩ ወለል በላይ በብረት እግር ላይ የቆመ ቀላል ወለል ይሻላል፤ ሲፈለግም ተነቅሎ ዳገቱ ይመለሳል።

መዝገብ አገላባጭ፦ እኔ የምለው ከሁሉ በፊት የሚመጣ ነው፦ የትኛው ሕንፃ ሲኒማ ቤት እንደነበረ ሳናጣራ ምን ይቆይ ምን ይፍረስ እያልን ነው። ዝርዝሮች የሚሳሳቱባቸውን ቦታዎች ላስቀምጥ።

መጀመሪያ ስም። አንድ ሕንፃ በጣሊያን ዘመን፣ በንጉሡ ዘመንና በደርግ ዘመን ሦስት ስም ሊኖረው ስለሚችል ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። በተቃራኒው አንድ ስም ሁለት ከተማ ላይ አለ፤ አስመራ ኢምፔሮ፣ አዲስ አበባ ኢምፓየር። ስለዚህ ዝርዝሩን በስም ሳይሆን በቦታ ሥሩ፤ ስሞቹን ከነዘመናቸው ከሥሩ ጻፉ።

ቀጥሎ ዘመን። የጣሊያን ንድፎች ላይ ያለው የሮማ ቁጥር የፋሺስቱ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱ በጥቅምት 28 እ.ኤ.አ. ይጀምራል፣ አንደኛው ዓመት የገባው በ1922 ነው። 16ኛው ዓመት ማለት ከ1937 ጥቅምት እስከ 1938 ጥቅምት ነው። ይህን ሳያዩ አንድ ዓመት የሚስቱ ብዙዎች ናቸው፤ በላዩ ላይ የኛ አቆጣጠር ልዩነት ሲጨመር ስህተቱ ይሰፋል።

ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ላለው አዲስ ዘመን ጋዜጣ በወመዘክር (በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አለ። የፊልም ማስታወቂያዎቹን በወር በወር አንብቡ። የመጨረሻው ማስታወቂያ ግን ቤቱ የተዘጋበትን ቀን አይነግርም፤ ማስታወቂያ መክፈል ያቆመበትን እንጂ። ከዚያ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ወዳደረገው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ 47 ትሄዳላችሁ። ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆኑ ትርፍ ቤቶች ወደ ኪራይ ቤቶች፣ ከዚያ በታች ያሉት ወደ ቀበሌ ስለሄዱ የአዳራሹና የመንገድ ዳር ሱቆቹ ፋይል ሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል። አንዱን አይታችሁ "ሰነድ የለውም" አትበሉ።

በመጨረሻ ሕንፃው ራሱ። የቀበሌ አዳራሽ ወለሉ ሜዳ ነው። ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይዛችሁ በየሜትሩ ከፍታውን ለኩ፤ መጋዘን በሆነም ቤት ዳገቱ ከሲሚንቶው ሥር ይገኛል። የማሽን ክፍሉን ግድግዳ እዩ። 610 ሜትር የ35 ሚሊ ሜትር ጥቅል የሚሄደው 22 ደቂቃ ያህል በመሆኑ ሁለት ማሽን እየተፈራረቁ ይሠሩ ነበር፤ ስለዚህ ሁለት የማሳያ ቀዳዳና ከየአጠገባቸው የኦፕሬተሩ መመልከቻ ይኖራል። የጥንቱ ናይትሬት ፊልም አንዴ ከተያያዘ ውሃ ስለማያጠፋው ቀዳዳዎቹ ላይ የሚወድቅ የብረት መዝጊያ ነበር፤ ማጠፊያው ብዙ ጊዜ በልስን ተሸፍኖ ይገኛል። የካርቦን መብራቱ ጭስ የሚወጣበት ቱቦም ጣሪያው ላይ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል።

የመርካቶው፦ ማጣራቱን አልቃወምም። ግን "ይጣራ" እየተባለ ዓመታት የሚቆም ፕሮጀክት የሰፈሩን ሰው ነው የሚጎዳው። ጊዜ ይወሰንለት።

መዝገብ አገላባጭ፦ ይወሰንለት፣ በደስታ። የወለሉ ቁርጥ ንድፍ (ከጎን ተቆርጦ ሲታይ)፣ የማሽን ክፍሉ አራት ግድግዳ ፎቶ ከነመለኪያው፣ የጣሪያው ብረት ልኬትና የሁለቱ ፋይሎች ቅጂ። ለአንድ ሕንፃ ሁለት ሰው ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።

አርክ ፒያሳ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሰነዱ ግን የማፍረሻ ፈቃድ ሲጠየቅ አብሮ የሚቀርብ ይሁን እንጂ ከፈቃዱ በኋላ አይሁን። ፈቃድ ያገኘ ቤት ውስጥ ጠባቂው እንኳ አያስገባም፤ መጀመሪያ የሚነቀለውም የጣሪያው ብረትና የማሽን ክፍሉ መዝጊያ ነው፣ ለቁርጥራጭ ብረት ስለሚሸጥ።