የጣልያንኛ ግሶችን እንዴት ከፋፍዬ ላንብባቸው?

ትዕግሥት፣ ቦሎኛ
እንደምን ሰነበታችሁ? እዚህ አንዲት አዛውንት እየተንከባከብሁ እኖራለሁ። ጣልያንኛውን ከአፋቸው እየሰማሁ በአማርኛ ፊደል ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። «ይናገራሉ» ለማለት «ፓርላኖ» ስል «ላ»ን ስለምጫነው ሁልጊዜ ያርሙኛል። ደግሞ «ይወድቃል» እና «ወደቀ» ደብተሬ ላይ ሁለቱም «ካዴ» ሆነው ተጽፈዋል። ምን ላድርግ?

ዮናስ፣ አዲስ አበባ
ከመጨረሻው በፊት ያለውን ክፍለ ቃል ጫን ብለሽ አንብቢ፤ ሌላ ሕግ የለውም።

እመቤት፣ ሮማ
ዮናስ፣ ያልከው ለብዙ ቃላት ይሠራል፤ ትዕግሥትን ያሳሳታት ግን እርሱው ነው። እኅቴ፣ «እነርሱ» ከማለትሽ በፊት «እኔ» ብለሽ እርቢው። ፓር-ሎ ላይ የሚጫነው «ፓር» ነው፤ ፓር-ላ-ኖ ላይም «ፓር» ይጫናል። አ-ቢ-ቶ፣ አ-ቢ-ታ-ኖ (መኖር) ላይ «አ»። ቴ-ሌ-ፎ-ኖ፣ ቴ-ሌ-ፎ-ና-ኖ (ስልክ መደወል) ላይ «ሌ»ን ተጭነሽ የቀሩትን ሦስቱን ቶሎ እለፊያቸው። ጫናው ወደ ኋላ የሚሸሸው በ«እኛ» እና በ«እናንተ» ነው፦ ፓር-ልያ-ሞ ላይ «ልያ»፣ ፓር-ላ-ቴ ላይ «ላ»። «ልያ» አንድ ክፍለ ቃል ስለሆነ «ሊ-ያ» ብለሽ አትለያዪው። በመጨረሻው ፊደል አናት ላይ ጭረት ካየሽ ግን እዚያው ተጫኚ፤ ፓርሎ መጨረሻው ሲጫን «እናገራለሁ» መሆኑ ቀርቶ «ተናገረ» ይሆናል።

ጋሽ በላይ፣ ሚላኖ
ልጄ፣ የ«ካዴ» ጉዳይ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ዋና» የሚለውን ቃል አስቢው፤ «ና» ሲላላ በውኃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፣ ሲጠብቅ ዋናው ጉዳይ ነው። ፊደላችን መጥበቁን አያሳይም፣ ጆሯችን ግን አይስተውም። ጣልያኖች የሚጠብቀውን ድምፅ በሁለት ፊደል ይጽፉታል፤ ቃሉን ሲከፍሉም አንዱን ከፊተኛው፣ አንዱን ከኋለኛው ክፍለ ቃል ጋር ያደርጉታል። ስለዚህ ከፋፍለሽ ጻፊ፤ ልዩነቱ ራሱ ይወጣልሻል፦ ካ-ዴ «ይወድቃል»፣ ካድ-ዴ «ወደቀ»። ቤ-ቬ «ይጠጣል»፣ ቤቭ-ቬ «ጠጣ»። ከሁሉ በላይ ቬ-ድሬ-ሞን እና ቬ-ድሬም-ሞን ጠንቅቀሽ ያዢ፤ የመጀመሪያው «እናያለን» ነው፣ ሁለተኛው «ቢሆንልን እናይ ነበር»። ለሰው ቃል ስትሰጪ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ትዕግሥት፣ ቦሎኛ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ በላይ፤ እርስዎ እንዳሉኝ ዛሬ ማታ ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እገለብጠዋለሁ። እመቤት፣ አንድ ልጨምር፦ «አውቃለሁ» ኮ-ኖስ-ኮ ነው ወይስ ኮ-ኖ-ስኮ?

እመቤት፣ ሮማ
ኮ-ኖ-ስኮ ነው። «ስ» ከሚከተለው ተነባቢ ጋር ይሄዳል እንጂ እንደ መንታ ፊደል አይከፈልም። «አንተ» ስትዪ ኮ-ኖ-ሺ ይሆናል፤ ስታነቢው «ሺ»ን አጥብቂው።